የሀሚድ ዶቅዶቄ ድምፅ

አስመራ፤ ጥቅምት 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ በንፋስ መውጫ ለምትገኘው ለባለቤቴ ለሀዋ፤

እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት ወጣልሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እበላለሁ፣ እሠራለሁ ማለቴ ነው፤ የቀረውን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ደብዳቤሽን የእስቴው ነጋዴ ረመዳን አምጥቶ ሰጠኝ። ከመካነ ኢየሱስ ጀምሮ በደረት ኪሱ ይዞት ስለመጣ ላብ አርሶታል፤ ግን አንድ ፊደል አልጠፋም። ለመሆኑ ማን ነው የጻፈልሽ? እንዲህ ያለ የእጅ ጽሕፈት በዕድሜዬ አላየሁም። ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩት ሁሉ አሳየኋቸው። «ሚስትህ ናት የጻፈችው?» ሲሉኝ «አዎ» ብያለሁ፤ ይቅር በይኝ።

በጻፍሽው ተቆጥተሻል፤ እውነትሽን ነው። የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ማርሚታ፣ ለመግዛት ዓመት አይፈጅም፣ አንድ ቀን ይበቃል። ነገር ግን የተፈረደብኝን አንቺም ቆመሽ ሰምተሻል። አቶ ቢሻው በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ተነሥተው «ዶቅዶቄው ጩኸቱን ሳያርም፣ መሪጌታ ይግዛውም የእርቅ ቀን ሳይሰጡ፣ ሀሚድ ንፋስ መውጫ እንዳይገባ» ነው ያሉት። ቀን መስጠት የተበዳይ ነው፤ እሱን ልነካው አልችልም። ጩኸቱ ግን በእጄ ነው። በእጄ ያለውን እንኳ አሳምሬ ልጨርስ ብዬ ነው የምንቀረፈፈው። መሪጌታን በቅሏቸው በዶቅዶቄዬ ጩኸት ደንብራ ስትጥላቸው ካየሁ ወዲህ ለምንም ነገር መቸኮል ትቻለሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አሮጌውን ማርሚታ የጋይንት ድንጋይ ሆዱን ዘርግፎታል። ሞተሩ ራሱ ጣልያን ጥሎት የሄደ ስለሆነ የፋብሪካው ዓይነት ዛሬ አይገኝም። ስለዚህ ምትክ መምረጥ አለብኝ። አንዱ አጭር ነው፤ አፉ እንደ መለከት የተከፈተ፣ የአስመራ ጎረምሶች እሑድ እሑድ የሚሽቀዳደሙበት። ሞተሩ ጉልበት ያገኝበታል፤ ጩኸቱ ግን የሞተ ይቀሰቅሳል። ሌላው ረጅም ነው፤ ሆዱ ውስጥ የብረት ጭረት ተጠቅጥቆበታል። ድዳው ብዬዋለሁ፤ ከጎንሽ ቢያልፍ አትሰሚውም። ግን ጭሱ እንደልቡ ስለማይወጣ ሞተሩን ያፍነዋል፤ ዳገት ላይ ሁለት ሰው አይችልም። ደግሞ ካሣሁን የሚባል የስማዳ ሰው አለ፤ እዚህ ብረት በያጅ ሆኗል። «ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ውስጡ ከትቼ እኔ እሠራልሃለሁ» ይላል። ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወጣው ስጠይቀው «ሲነሣ እንሰማዋለን» አለኝ። የስማዳ ሰው መልስ ይህ ነው።

አንቺስ የትኛውን ትያለሽ? የመሪጌታስ እግር እንዴት ሆነ? ይህን ሳትጽፊልኝ እንዳታልፊ።

ባልሽ ሀሚድ


ንፋስ መውጫ፤ ኅዳር 21 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጽዮን ማርያም

ይድረስ ለባለቤቴ ለሀሚድ፤

በዕለተ ጽዮን ማርያም የሚለውን እኔ አላልኩም፤ ጸሐፊዬ ናቸው የጨመሩት። ቀን ያለ ታቦት ቀን አይመስላቸውም። እኔ ደግሞ «አላህ ይመስገን» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ጻፉ። እስቲ መልሰው ያንብቡልኝ ስላቸው ተያዙ። ተከራክረን ተከራክረን አንዱን መስመር እሳቸው፣ አንዱን እኔ ሆንን። ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ አላህ ይመስገን ሱቁም ደህና ነው።

ማን እንደሆኑ ጠይቀኸኛል። ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር ተቀምጠው ለሰው አቤቱታ ይጽፋሉ። የሚመጣልኝንም ደብዳቤ የሚያነቡልኝ እሳቸው ናቸው። ስማቸው ምን ያደርግልሃል? ፊደሉ ካማረልህ ይበቃሃል። ሚስቴ ናት የጻፈችው ማለትህን ሲያነቡልኝ ግን በሕይወታቸው እንደዚያ የሳቁ አይመስለኝም።

መሪጌታ ይግዛው በሕይወት አሉ። የዳሌያቸው አጥንት ገጥሟል፤ ግን እግራቸው አጥሯል። በመቋሚያቸው ተደግፈው ነው የሚሄዱት። ማሕሌት መቆም ስላልቻሉ ድጓ ማስተማሩን ለሌላ ትተው ከዜማ ቤቱ ከቤተ ልሔም ወጥተዋል። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ምረጪ ላልከኝ፣ እኔ ስለ ማርሚታ ምን አውቄ? የማውቀው አንድ ነገር ነው። ከደብረ ታቦር ስትመለስ ዶቅዶቄው ገና ከመታጠፊያው ማዶ ሳለ ይሰማኝ ነበር። ለሸማች ጨው እየሰፈርኩ ከሆነ መስፈሪያውን ጥዬ ደጅ እወጣለሁ። ገበያተኛው ይስቅብኛል፤ «የሀዋ ጆሮ ክምር ድንጋይ ከተማ ነው ያለው» ይሉ ነበር። አሁን ማንም አይስቅብኝም። ጨውም ሳላዛንፍ እሰፍራለሁ። ሳላዛንፍ መስፈር እንዲህ እንደሚያስከፋ አላውቅም ነበር።

ድዳውን ብትገዛ እንዴት ልትመጣ ነው? ዝም ብለህ እንደ እንግዳ ደጄ ላይ ልትቆም ነው? ፍርዱን አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ያለውን አላፈርስም። ግን ጠየቅኸኝና ነገርኩህ። መስማት እፈልጋለሁ።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ብዬ ነበር። ጸሐፊዬ «ይህን አልጽፍም፤ እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ» አሉኝ። ያልተጻፈውን አንተው አንብበው።

ሚስትህ ሀዋ


አስመራ፤ ጥር 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀዋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያልተጻፈውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ለጸሐፊሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ግን አንድ ቀን ሌላ ጸሐፊ ብትፈልጊ አልቀየምም።

መሪጌታ ከቤተ ልሔም መውጣታቸውን ከደብዳቤሽ ሰማሁ። አጥንት ይጠገናል ብዬ ነበር። የዜማ መምህር ከዜማ ቤቱ መውጣቱን ግን አላሰብኩትም። የት ናቸው? ማን ይጦራቸዋል? አትጠይቀኝ ብለሻል፤ ይኸው እጠይቃለሁ።

ሁለቱን ማርሚታ ሞክሬያቸዋለሁ። ባለ መለከቱን ገጥሜ ከከተማው ዳር ብነሣ ሁለት ግመሎች ጭነታቸውን ጥለው ሄዱ። ባለቤቶቻቸው ምን እንዳሉኝ ጸሐፊሽ አይጽፉትም፣ እኔም አልጽፈው። ድዳውን ደግሞ ገጥሜ ስሄድ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ከፊቴ ይራመድ ነበር፤ ክንዱን ነክቼው እስካልፍ ድረስ አልሰማኝም። መልካም ነው አልኩ። ግን ዳገቱ ላይ ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ነው የሆነው። ካሣሁን የራሱን መሥራት ጀምሮ ነበር፤ አላስጨረስኩትም።

አንድ ሌላ ነገር። አሮጌው ማርሚታ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ ያሳረፈው ጠባሳ ጠፋ? አንድ ቀን ብቻ ከኋላዬ ብትቀመጪ እሱንም አቃጠልኩሽ። አዲሱ እንዳይነካሽ ከመቀመጫው እስከ ተረከዝሽ ያለውን በክር ለክተሽ ላኪልኝ። ተረከዝሽ ላይ ስትደርሺ ቋጠሮ አድርጊበት።

በመጨረሻም የምጠይቅሽ፣ እኚህ ጸሐፊሽ ምስጢር ይጠብቃሉ? ስለዚያ ቀን ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። ለአንቺም አልነገርኩሽም።

ሀሚድ


ንፋስ መውጫ፤ የካቲት 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀሚድ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ተራው የእኔ ነው፣ ስለዚህ የማንም ታቦት አልተጻፈም።

ክሩን ልኬልሃለሁ። ከመደቡ ላይ ተቀምጬ እግሬን አንጠልጥዬ ለካሁት። ጠባሳው አልጠፋም። እንዲጠፋም አልፈልግም፤ ሳየው ያን ቀን ወገብህን ይዤ ጉናን ማየቴ ትዝ ይለኛል። ጸሐፊዬ ይህን ሳይከራከሩኝ ጻፉት፤ እኔም ገረመኝ።

ምስጢር ይጠብቃሉ ወይ ላልከው፣ ጥያቄህን ካነበቡልኝ በኋላ ደብዳቤውን አጠፉት። ከዚያ «ንገሪው፤ ከእኔ የወጣ ነገር በገበያ አልተሰማም በዪው» አሉኝ። እኔም እመሰክርላቸዋለሁ። ስለዚህ ጻፈው። በዚያ ሸንጎ ላይ ስትምል ፊትህን አይቼዋለሁ ሀሚድ። ስምንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ያን ፊት አላውቀውም። ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ እንዳትመጣ። ንገረኝና ና።

ሀዋ


አስመራ፤ መጋቢት 30 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀዋ፤

ክሩ ደረሰኝ። ሞተሩ ላይ አስሬው ብዙ ቆየሁ። ጋራዡ ውስጥ ሰው ሁሉ አየኝ፤ እኔ ግን እግርሽ እዚያ ያለ እየመሰለኝ አልፈታውም አልኩ። አሁንም እንደታሰረ ነው።

እንግዲህ ልንገርሽ። ያን ቀን ጠዋት የጉና ውርጭ ሞተሩን አደንዝዞት ክምር ድንጋይ ላይ በስንት ግፊያ ተነሣልኝ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ መሪጌታ ይግዛው በበቅሏቸው ከፊቴ መጡ። ሥርዓቱን አውቃለሁ፤ ሽማግሌና ካህን ሲገጥምሽ ከተቀመጥሽበት ትወርጃለሽ። ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁትም። በልቤ «ወርጃለሁ፣ አክብሬያለሁ፣ ምን ቀረኝ?» አልኩ። እጅ ነስቼ ቀና ስል በቅሎዋ ሁለት እግሯ ላይ ቆማ ነበር።

በሸንጎው ላይ «ማጥፊያው ተሰብሮብኝ ነው» አልኩ። ወላሂ ብዬ ነው የማልኩት። ማጥፊያው ደህና ነበር ሀዋ። አውራ ጣቴ ሥር ነበር።

ማስነሣቱ ያስቸግረኛል ብዬ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልከበደኝ። እውነቱ ይህ ነው፦ ድምፁን እወደው ነበር። እሳቸው ደግሞ የዜማ ሊቅ ናቸው፣ ጆሯቸው በበጌምድር ሁሉ የተመሰከረለት። «እስቲ እሳቸውም ይስሙልኝ» አልኩ። በአዲስ ልብሱ እንደሚኩራራ ሰው አሰማኋቸው። የሰማሁት መልስ የአጥንታቸው ድምፅ ነው።

ስለዚህ ድዳውን እገዛለሁ። የአንቺ ክር ቋጠሮ ከእሱ አንድ ስንዝር በላይ ነው የዋለው፣ አያቃጥልሽም። ዳገት ላይ ሁለታችንን አይችል ይሆናል፤ እኔ ወርጄ እገፋለሁ። ከደጅሽ ሆነሽ መስማት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። ይህን ማድረግ ግን አልችልም። በመጣሁ ቁጥር ሰው እንዲሰማኝ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም።

ይህን ከሰማሽ በኋላ ና ካልሽኝ፣ ቀኑን መሪጌታ እስኪሰጡ እጠብቃለሁ። አትምጣ ካልሽም ንገሪኝ።

ሀሚድ


አስመራ፤ ሐምሌ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለሀዋ፤

ሦስት ወር ሆነው። ነጋዴው ረመዳን ሁለት ጊዜ ደርሶ ሄደ። ሁለቱንም ጊዜ ኪሱን አስፈተሽኩት፣ ተቀየመኝ።

ከእንግዲህ ክረምት ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ ደብዳቤም አያልፍም ብዬ ራሴን አታልላለሁ። እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልመልሰው ብል አልችልም። መልስ ባለመስጠትሽ አልፈርድብሽም። ግን ዝም አትበይኝ። አትምጣ የሚል አንድ ቃል ቢሆንም፣ በዚያ ቆንጆ ጽሕፈት አስጽፈሽ ላኪልኝ። ድዳውን ማርሚታ እንዲያስቀምጡልኝ ተናግሬያለሁ፤ ገና አልገጠምኩትም። የት ልሄድበት?

ናፍቀሽኛል። ይህን ጸሐፊሽ ጮክ ብለው ያንብቡልሽ።

ሀሚድ


ንፋስ መውጫ፤ መስከረም 21 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በእመቤታችን ዕለት

ይድረስ ለሀሚድ፤

ልጄ ሀሚድ፣ እንደምን ከረምህ? ዘመኑን ከማርቆስ ወደ ሉቃስ፣ ክረምቱን ወደ በጋ ያሸጋገረ አምላክ ይመስገን።

ይህን የእጅ ጽሕፈት ታውቀዋለህ። የሚጽፈውን ሰውም ታውቀዋለህ። እኔ ይግዛው ነኝ፤ መታጠፊያው ላይ ከበቅሎ የወደቅሁት።

ሚስትህን አትቆጣት። ከቤተ ልሔም ወጥቼ ገበያ ዳር አቤቱታ መጻፍ በጀመርሁ በሦስተኛው ቅዳሜ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። «ባለቤቴ አስመራ ነው። ስሙ ሀሚድ ነው» አለችኝ። እያለቀሰች ትለምነኛለች ብዬ ነበር። የጽሕፈቱን ዋጋ ፊቴ አስቀመጠች። «አውቀዋለሁ፤ ምን ልበልልሽ?» አልኋት። «ናፍቀኸኛል ይበሉልኝ» አለች። በሕይወቴ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ላስወደቀኝ ሰው ናፍቀኸኛል ብዬ የጻፍሁት ግን ያን ቀን ነው። ስሜን እንዳትነግርህ ያስማልኋት እኔ ነኝ። ማጥፊያው ተሰብሮ ነው ማለትህን አላመንሁም ነበር። ሰው ለሚፈራው ሰው እውነቱን አይጽፍም፤ ለሚስቱ ግን ይጽፋል። እሱን ስጠብቅ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

እውነቱ በመጣ ጊዜ ግን እኔው በደልሁ። የመጋቢቱን ደብዳቤህን ሰላምታውንና የክሩን ነገር አነበብሁላት፤ ከዚያ «ይኸው ነው» ብዬ አጠፍሁት። የቀረውን ወደ ቤቴ ይዤው ሄድሁ። ተናድጄ ነበር። የተጎዳሁት ለአንተ ታይታ መሆኑ ከመውደቁ ይልቅ አመመኝ። መልስ ይጻፉልኝ እያለች ስትመላለስ አሞኛል፣ ቀለም አልቋል እያልሁ ክረምቱን አሳለፍሁ። አንተ በሽማግሌ ፊት ዋሽተህ ማልህ፤ እኔ ባመነችኝ ሴት ፊት ዋሽቼ አነበብሁ። የሐምሌው ደብዳቤህ «ጮክ ብለው ያንብቡልሽ» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ የመጋቢቱን ከቤቴ አመጣሁ። ሁለቱንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁላት። ይቅርታዋን ጠየቅኋት። መጀመሪያ አለቀሰች፤ በእኔም በአንተም ተቆጣች። ከዚያ «ይስሙልኝ ብሎ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» ስላት በእንባዋ መካከል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንግዲህ ከሳቅሁ በኋላ ቂም ይዤ መቀመጥ አልቻልሁም።

ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም ይቅር በለኝ። ስለ መሐላህ ግን የራሳችሁን ሼህ ጠይቅ፤ በዚያ ላይ እኔ ሥልጣን የለኝም። ለአቶ ቢሻውም እውነቱን የምትነግራቸው አንተ ነህ፤ እኔ ቀኑን ብቻ ነግሬአቸዋለሁ። ቀኑ ኅዳር 12 ነው። መንገዱ ይደርቃል።

ስለ ማርሚታው። ድዳውን አትግዛ። ያን ቀን ነፋሱ ከእኔ ወደ አንተ ይነፍስ ስለነበር መታጠፊያው እስኪገለጥ አልሰማሁህም። በቅሎዬም በአንድ ጊዜ ነው ያየችህና የሰማችህ። በቅሎ ከሩቅ እየሰማች የለመደችውን አትፈራም፤ ድንገተኛውን ነው የምትፈራው። ድዳ ዶቅዶቄ በጋይንት ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሌላ ሽማግሌ ይጥላል። ሽማግሌዎቹ ይህን አላሰቡትም፤ አስረድቻቸዋለሁ፣ ተቀብለዋል። ባለ መለከቱም ለጎረምሶች ይቅር። ያን የስማዳ ሰው ሥራውን እንዲጨርስ ንገረው። ከሩቅ የሚደርስ፣ ከቅርብ የማያስደነግጥ፣ ወፈር ረጋ ያለ ድምፅ ያውጣለት። እኛ ዘንድ ዕዝል የምንለው ዜማ እንዲያ ነው። ካሣሁን ካልገባው ደብተራ ፈልጎ ይጠይቅ፤ አስመራም አይጠፋም።

ኅዳር 12 በወደቅሁበት መታጠፊያ እጠብቅሃለሁ። በበቅሎዬ ነው የምመጣው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተቀመጥሁባትም። ስሰማህ እወርዳለሁ። በዚህ እግር መውረድ ጊዜ ይፈጅብኛልና ከሩቅ አሰማኝ። አንተም ስትደርስ ውረድ። ወርደህም አጥፋው። ኋላ አልነሣ ካለህ እኔ ባልችልም ሀዋ ትገፋልሃለች፤ ቃል ገብታለች።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። እንደ ወትሮው አልጽፍም ብዬ ነበር። ሆኖም ለክረምቱ ካሳ ይሁን ብዬ እንዳለችው ጻፍሁት።

ሀሚድ፤ ሌሊት ሌሊት እጄ የተኛህበትን ቦታ ይፈልጋል። ና። ኅዳር 12 ሱቅ አልከፍትም፤ ማንም ጨው አያገኝም። ከክምር ድንጋይ ስትነሣ ጀምሮ ደጅ ቆሜ እሰማሃለሁ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ድምፁ ሲጠፋ፣ እኔም ያኔ ወደ እናንተ መሄድ እጀምራለሁ።